የክንድ፣ የእጅ አንጓ ወይስ ስማርት ሰዓት? የቤት የደም ግፊት መለኪያ ስትገዙ ገንዘባችሁ የት ይዋል

ግፊት ያለበት ሰው ቤቱ ያለ ሁሉ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛውን ልግዛ?» መልሱን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ልክነቱ በገለልተኛ ወገን የተፈተሸ፣ ማሰሪያው (ካፉ) ለክንዳችሁ የሚሆን መለኪያ ግዙ። ብሉቱዝ ቢኖረው ደስ ይላል፤ ባይኖረውም የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። የእጅ አንጓውን ተዉት። ስማርት ሰዓቱ እርምጃ ይቁጠርላችሁ እንጂ መድኃኒት የሚጨመርበትን ወይም የሚቀነስበትን ቁጥር ከእሱ አትውሰዱ።

ዛሬ የመለኪያን ዋጋ የሚሰቅለው «ከስልክ ጋር ይገናኛል» የሚለው ጽሑፍ ነው። ይህ ልዩነት ሊከፈልበት ይገባል ወይ? በብሪታኒያ በ1,182 የግፊት ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። አንድ ዓመት ሲሞላ፣ በተለመደው የክሊኒክ ክትትል ብቻ የቆዩት ታካሚዎች የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 140.4 ነበር (የግፊት ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ናቸው)። ቤታቸው ለክተው በወረቀት ያቀረቡት 137.0፣ በስልክ መልእክት የላኩት ደግሞ 136.0 ሆነ። በስልክ የላኩት ግፊታቸው ቶሎ ቀንሷል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ከወረቀቶቹ ጋር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሥራውን የሠራው ሐኪሙ የቤቱን ቁጥር አይቶ መድኃኒቱን ማስተካከሉ ነው። ስለዚህ በብሉቱዝና በትክክለኛ ካፍ መካከል መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ያለማመንታት ካፉን ምረጡ።

ዋጋ ስታሰሉ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ብቻ አትዩ፤ የአምስት ዓመቱን ደምሩ። ማሽኑ አለ፣ ሁለተኛ ካፍ አለ፣ የባትሪ ድንጋይ ወይም አዳፕተር አለ። ቁጥሩን የሚቀበለው የስልክ አፕ (መተግበሪያ) ወርሃዊ ክፍያ ካለው ያ ክፍያ በአምስት ዓመት 60 ጊዜ ይከፈላል፤ ትንሽ የመሰለው ገንዘብ ከማሽኑ ዋጋ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ካፉ ለብቻው የማይሸጥለት ማሽን ደግሞ ምንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። ካፍ ያልቃል፦ መለጠፊያው በክር ይሞላና መያዝ ያቆማል፣ ውስጡ ያለው የአየር ከረጢት መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ምትክ ከሌለ ደህናው ማሽን አብሮ ይጣላል።

ስለ ካፍ መጠን በደንብ እንነጋገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ብዙ የተሳሳተ ቁጥር የሚወጣውም እዚህ ነው። በትከሻችሁ ጫፍና በክርናችሁ መካከል አጋማሹን ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ላይ የክንዱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ከብዙ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ካፍ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው። ክንዳችሁ 36 ከሆነ ያ ካፍ ቢታሰርም አይሆናችሁም፤ ከ22 እስከ 42 የሚለውን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ ጥናት፣ በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 19.5 ከፍ ብሎ ወጥቷል። ይህ ጤነኛውን ሰው የግፊት መድኃኒት የሚያስጀምር ስህተት ነው። ትንሽ ካፍ የሚያስፈልገው ቀጭን ክንድ ላይ ደግሞ ቁጥሩ 3.6 ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ ያለው ግፊት ይደበቃል።

የእጅ አንጓ መለኪያ ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ልብስ ማውለቅ አይጠይቅም፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ችግሩ ከፍታ ነው። አንጓው ከልብ ትይዩ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቁጥሩ ወደ 8 ገደማ ይጨምራል፤ ከፍ ሲል በዚያው ልክ ይቀንሳል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው የሚለኩ ሰዎች ግፊታቸውን ሳይሆን የእጃቸውን አቀማመጥ እየለኩ ነው። ለእሱ ቦታ ያለው አንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ክንዱ እጅግ ወፍሮ ወይም ላዩ ሰፍቶ ታቹ ጠቦ የትኛውም ካፍ ካልያዘው፣ ፈተና ያለፈ የአንጓ መለኪያ በልብ ትይዩ ተይዞ ከምንም ይሻላል።

ወደ ሰዓቶቹ ስንመጣ ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። የሳምሰንግ ሰዓት ግፊት እንዲያሳይ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ ማስተካከል አለባችሁ። የአፕል ሰዓት የግፊት ማሳወቂያ ጭራሽ ቁጥር አይሰጥም፤ የ30 ቀን መረጃ አይቶ የግፊት ምልክት ካገኘ፣ በክንድ መለኪያ ለ7 ቀን ለክታችሁ አረጋግጡ ይላል። በሁለቱም መንገድ የክንዱን ማሽን መግዛታችሁ አይቀርም። ማሰሪያው ውስጥ የሚነፋ ከረጢት ያለው ሰዓትም አለ፤ እሱ በሥራው የእጅ አንጓ መለኪያ ስለሆነ የከፍታው ችግር ይከተለዋል። ጣትን ካሜራ ላይ አስደግፎ ግፊት «የሚለካ» የስልክ አፕ ደግሞ ነፃ ቢሆንም አትጫኑት። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በሰፊው ተሸጦ የነበረ አንዱ አፕ ሲፈተሽ፣ ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ከ5 ሰዎች 4ቱን ያህል «ደህና ናችሁ» ይላቸው ነበር።

አሁን ስለ አስመሳዮቹ። ስም የሌላቸው የእጅ አምባሮችና አንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ሁልጊዜ 118/76፣ 121/79፣ 124/80 የመሰለ የሚያስደስት ቁጥር ያወጣሉ። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ልትፈትኗቸው ትችላላችሁ። የውኃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሉና ካፉን ወይም አምባሩን እዚያ ላይ አስራችሁ ማብሪያውን ተጫኑ። ካፉን የሚነፋ ትክክለኛ ማሽን በካፉ ውስጥ የሚሰማውን የደም ሥር ትርታ ስለሚፈልግ ነፍቶ፣ አስተንፍሶ፣ የስህተት ምልክት ያወጣል። ጠርሙሱ 120/80 ግፊት ካለው ግን ዕቃውን አስቀምጣችሁ ውጡ። ሌላው ማጭበርበሪያ የካርቶኑ ጽሑፍ ነው፦ የሲኢ (CE) የአውሮፓ ምልክት ወይም «በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን) የተመዘገበ» የሚል ቃል ልክነቱ በሰው ላይ ለመፈተሹ ማረጋገጫ አይደለም። የምትፈልጉት በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ (ISO) 81060-2 መስፈርት ያለፈ ሞዴል ነው፤ መስፈርቱ ቢያንስ 85 ሰዎች ላይ እንዲለካ፣ አማካይ ስህተቱም ከ5 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ስትራይድ ቢፒ (STRIDE BP) እና ቫሊዴት ቢፒ (ValidateBP) የተባሉት ድረ ገጾች ያለፉትን ሞዴሎች ዝርዝር በነፃ ያወጣሉ። የሞዴሉን ቁጥር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የአንድ አምራች አንዱ ሞዴል ማለፉ ለወንድሙ ምስክር አይሆንም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ በዝርዝሩ ላይ ለእርግዝና ተለይቶ የተፈተሸውን ፈልጉ።

ለብሉቱዙ ከፍላችሁ ልትገዙ ከቆረጣችሁ፣ ከማሽኑ በፊት አፑን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ እዩት። የታሪክ ዝርዝሩን በፒዲኤፍ ወይም በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) ያወጣል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ወደ አይፎኑ የጤና ማከማቻ አፕል ሄልዝ ወይም ወደ አንድሮይዱ ሄልዝ ኮኔክት ይጽፋል? ብሉቱዝ ለደም ግፊት መለኪያ የጋራ ደንብ አለው፤ ያንን የሚከተል ማሽን ከሌላ አፕ ጋርም ይነጋገራል። በራሱ ቋንቋ ብቻ የሚያወራው ግን የአምራቹ አፕ የተዘጋ ቀን ስክሪኑ ላይ የሚነበብ ቁጥር ብቻ ይቀረዋል፤ የሦስት ዓመት ታሪካችሁም አብሮ ይሄዳል። በሆስፒታሉ በኩል ደግሞ መዝገቡ ፋየር (FHIR) በሚባለው የጋራ የመረጃ ቅርጽ መቀበል ካልቻለ፣ ከማሽናችሁ የወጣውን አንድ ሰው በእጁ ይገለብጠዋል ወይም ማንም አያየውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ቁጥሩን በምን ብልክልዎ ያዩታል?» ብላችሁ ጠይቁ። «በወረቀት» ካለ ወጪው ቀለለ።

የሚላከውን በቁም ነገር አዘጋጁት። አንድ አስደንጋጭ ቁጥር ፎቶ አንስቶ መላክ ሐኪሙን አይረዳውም። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ፤ 28 ልኬት ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉና የቀሩትን 24ቱን አማካይ አውጡ፤ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በቤት ልኬት ከፍተኛ ነው። ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ ይቅር፣ ሽንት ቤት ሂዱ፣ ጀርባ ተደግፎ እግር መሬት ነክቶ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር 4 ገደማ፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል 6.5 ያህል ይጨምራል። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው የሚለካ ከሆነ የተጠቃሚ ቁልፉን ሳታዩ አትጀምሩ፤ የባልና የሚስት ቁጥር ተቀላቅሎ ከተላከ ሐኪሙ የሚያየው የማንንም ያልሆነ አማካይ ነው። ቁጥሩ 180/120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መንተባተብ ካለ ግን ድጋሚ ልለካ ሳትሉ ወደ ድንገተኛ ሂዱ።

ጥገናን በተመለከተ፣ «ተበላሸ» የሚባለው ማሽን ብዙ ጊዜ አየር የሚያፈስ ነው። ካፉን ጠርሙስ ላይ አስራችሁ አስነፉት፤ ፓምፑ ሳያቋርጥ ቢጮህ የሳሙና አረፋ ቱቦው ከማሽኑ በሚገናኝበት መሰኪያ ላይ ቀቡ። አረፋው ከፈላ ጥፋቱ መሰኪያው ነው፤ ካልፈላ ብዙ ጊዜ የካፉ ከረጢት ነው። በሁለቱም ካፍና ቱቦውን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብዙዎቹ የክንድ ማሽኖች አራት የባትሪ ድንጋይ ይወስዳሉ፤ ሲደክም ፓምፑ ይንቀራፈፍና ስህተት ያወጣል፣ ለወራት ሲቀመጥ ደግሞ ድንጋዩ ፈሶ የብረት መንከሻውን ይበላዋል። አዳፕተር ስትገዙ ማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን ቮልትና የመሰኪያውን የፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ምልክት አስተያዩ፤ ብዙዎቹ 6 ቮልት ናቸው፣ ቤት የተገኘ የ12 ቮልት አዳፕተር ቦርዱን ያቃጥለዋል። ድንጋይ በቀየራችሁ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን እዩ፤ ወደ መነሻው ተመልሶ ከሆነ ልኬቱ ሁሉ በተሳሳተ ቀን ሐኪሙ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የግፊት ዳሳሹን ግን ማስተካከያ መሣሪያ ለሌለው ጠጋኝ አትስጡ። በዓመት አንዴ ማሽኑን ይዛችሁ ክሊኒክ ሂዱና በዚያው ክንድ ላይ የክሊኒኩንና የእናንተን እያፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ አስለኩ። የአማካዩ ልዩነት እስከ 5 ከሆነ ደህና ነው፤ ከ6 እስከ 10 ከሆነ የካፉን መጠንና አስተሳሰሩን አይታችሁ ድገሙት፤ ከ10 ካለፈ ማሽኑ ይቀየር።