አንድ መስመር ሳልጽፍ ዓመት ሙሉ አስተዋወቀችኝ

ይህን ምስጋና የምናገረው ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ የምትጽፈው ልጄ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ስቆይ የጻፍኩት ሁሉ ቁጥር ነበር። ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላም ብዕር ስይዝ የሚመጣልኝ «ጉዳዩ፡-» ብቻ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ፡- የበርበሬ ንግዴን ማስታወቂያ ከኅዳር 2017 ጀምሮ የምታዘጋጅልኝን ሴት ማመስገን፣ እንደ እኔ መጻፍ ለማይሆንለት ነጋዴም መጠቆም። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ አላወጣም። ሥራዋን ግን ለመናገር ፈቃድ አልጠየቅኋትም።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅቼ በቴሌግራም እሸጣለሁ። የጀመርኩት በ2012 ኮሮና ሁላችንንም ቤት ባስቀመጠን ጊዜ ነው። ለራሴ ያስፈጨሁትን በርበሬ ለአንዲት ጎረቤቴ በግማሽ ኪሎ አካፈልኳት፣ እሷ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለመሥሪያ ቤቷ ሰዎች። ልጄ ቻናል ከፈተችልኝ። በዓመቱ ቴሌብር መጣና ገንዘብ መቀበሉ ቀለለ፤ ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛም አላጣሁም። የቸገረኝ ቻናሉ ላይ ምን እንደሚባል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ «በርበሬ ደርሷል፣ ይደውሉ» እያልኩ ቆየሁ። ሽሮ ሲደርስ ደግሞ «ሽሮ ደርሷል»።

በ2016 አንድ ማስታወቂያ እንሠራለን የሚል ድርጅት አግኝቼ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ። ቤቴ አልመጡም፤ አንድ ጥያቄም አልጠየቁኝም። በሳምንቱ ቻናሌ ላይ «የጣዕም ጉዞዎን ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያሸጋግሩ» የሚል ነገር ወጣ። ኮምፒውተር እንዲጽፍላቸው እያደረጉ እንደሚለጥፉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚገዙኝ አንዲት የፒያሳ ደንበኛዬ በማግስቱ ደወሉና «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ስልክሽን ሰው ወስዶብሽ ይሆን?» አሉኝ። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ደህና ያልሆነው ጽሑፉ ነው። እሱንም ችዬ ነበር። የባሰው በርበሬዬ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ሲዘረዝሩ ፓፕሪካ የሚል መጨመራቸው ነው። ፈረንጆች ዛላ በማያገኙበት አገር በርበሬ ለመሥራት ሲሞክሩ በፓፕሪካ ይተካሉ፤ እነዚህም ከዚያ ገልብጠዋል። የማረቆ ዛላ ከጆንያ አውጥቼ በእጄ እየቀነጠስኩ፣ ደንበኞቼ ፊት ፓፕሪካ ከሱፐርማርኬት ገዝታ የምትቀላቅል ሴት ሆንኩ። ሦስቱ ወር ሳያልቅ አስቆምኳቸው። ቀሪው ገንዘብ አልተመለሰም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

አሁን ወደማመሰግናት ልምጣ። ያገናኘችን አንዲት ደንበኛዬ ናት። ይህቺ የማመሰግናት ሴት ቀድሞ ሬዲዮ ውስጥ ትሠራ ነበር። በቀጠሮዋ ቀን ሳሎን አዘጋጅቼ፣ ቡና አቅርቤ፣ የምናገረውን ለራሴ አጥንቼ ጠበቅኳት። ኮምፒውተር አልያዘችም፤ ስልክና የተማሪ ደብተር ብቻ። ቡናዋን ከጠጣች በኋላ «እትዬ፣ እርስዎ ሥራውን የሚሠሩት እዚህ ነው?» አለችኝ። ጓሮ ነው ስላት ተነሣችና ወደ ጓሮ ሄደች። ያጠናሁት ሁሉ ሳሎን ቀረ።

ዕለቱ የቅንጠሳ ቀን ነበር። ሁለት ሴቶች ሰፌድ ይዘው ዛላ ይቀነጥሳሉ። ስልኳን በርጩማ ላይ አስቀመጠችና አብራ መቀንጠስ ጀመረች። የምትጠይቀኝ የሕፃን ጥያቄ ነው። ይኼኛው ለምን ተለይቶ ወጣ? ፍሬውን ለምን አራገፋችሁት? ከድለዛው በኋላ ለምን ተሸፍኖ ያድራል? መጀመሪያ ላይ ታሾፍብኛለች ብዬ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጇ መለብለብ ሲጀምር ወደ ውሃ ልትሮጥ ተነሣች፤ እኔም ሳላስበው «ውሃ እንዳትነኪ! መጀመሪያ በዘይት እሺው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ» ብዬ ጮህኩባት። የበርበሬ ማቃጠያው በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ውሃ ብቻውን ሲነካው ቃጠሎውን ያዳርሰዋል። ይህንን ከእናቴ ነው የማውቀው፤ በርበሬ የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

እጇን በዘይት እያሸች «እትዬ፣ ይኼ ተቀድቷል» አለችኝ።

እሱ ነው የመጀመሪያው ማስታወቂያችን የሆነው። ጩኸቴ እንዳለ፣ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ፣ ከሥሩ የሁለት ሴቶች እጅና የዘይት ጠርሙስ ፎቶግራፍ። «ይግዙ» የሚል ቃል የለበትም። በሁለት ቀን ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ለዘመዶቻቸው እየላኩት እንደሆነ ልጄ ነገረችኝ። አንዷ ደውላ በልጅነቷ እጇ ተለብልቦ ሌሊቱን ያለቀሰችበትን ቀን ተረከችልኝ፤ ከዚያ ሁለት ኪሎ አዘዘች።

አሠራሯ እንደዚህ ነው። በወር ሁለት ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። ሁለት ሰዓት ያህል እየሠራን እናወራለን፣ እሷ ትቀዳለች። ቤቷ ሄዳ ታዳምጠውና ትቆርጠዋለች። ከአንድ ጠዋት ወሬ እስከ አሥራ አራት የሚደርስ አጫጭር ነገር ታወጣለች፦ አንዳንዱ ድምፅ፣ አንዳንዱ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዱ ጽሑፍ። ጽሑፉም ቢሆን የእኔ ቃል ነው። ከመውጣቱ በፊት በስልክ ታነብልኛለች፤ «እኔ እንደዚህ አልናገርም» ካልኳት ሳትከራከር ታወጣዋለች። አንድ ቀን «ጥራቱን የጠበቀ» የሚል ቃል ገብቶ ሰማሁና እኔ እንደዚህ ብያለሁ ወይ ብላት ቅጂውን አሰማችኝ፤ ብያለሁ ለካ። ያጠናሁት ነገር ሾልኮ የወጣ መሰለኝ። አስወጣነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ደብተሩ ነው። ደንበኛ የሚጠይቀኝን ሁሉ፣ በስልክም ይሁን በመልእክት፣ በአንድ ቃል እየጻፍኩ ያው ጥያቄ ሲደገም ምልክት እንዳደርግ አዘዘችኝ። ቁጥርና ምልክት ስለሆነ ደስ አለኝ። በወሩ ስንቆጥረው ብዙ የተጠየቀው ዋጋ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አንደኛ የወጣው «ባዕድ ነገር የለበትም?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ለአንድ ዶሮ ስንት ማንኪያ?» ሦስተኛው ደግሞ ልብስ ሳይሸት አሜሪካ በሻንጣ እንዴት እንደሚወሰድ።

ስለ ባዕዱ ነገር እኔ «ንጹሕ ነው» ልል ነበር። እሷ ግን «የሚቀላቅሉትም ንጹሕ ነው ነው የሚሉት» አለችኝ። አንድ የጡብ ስባሪ ወቅጠን ከበርበሬ ጋር ቀላቀልን። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ያንን፣ ሌላው ላይ የእኔን ነሰነስን። የጡቡ ዱቄት ወዲያው ሥሩ ላይ ተኛ፤ በርበሬው ላይ ላዩን እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ከመስኮቱ ብርሃን አጠገብ አስቀምጣ ቀረጸችው። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራ አለመሆኑን፣ ሁሉንም ዓይነት ቅልቅል እንደማያሳይ በራሴ አንደበት እንድናገር አደረገችኝ። ነጋዴ እንደዚህ ብሎ ይናገራል ወይ ብዬ ተከራክሬ ነበር። የፒያሳዋ እናት ደውለው «አሁን አንቺ ነሽ» ሲሉኝ ክርክሩ አበቃ።

የዶሮውን ጥያቄ የመለስነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሽንኩርቱን ሳታዩ በርበሬውን አትለኩ። ለሻንጣው ደግሞ አየሩን አስወጥቶ በሁለት ላስቲክ ማሸጉን፣ እዚያም ሲደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከብርሃን ራቅ ማድረጉን አሳየን። ዋሽንግተን ያለች አንዲት ደንበኛ የከፈተችውን ሻንጣ በድምፅ ገለጸችልን። ድምፅዋን ለማውጣት ማስታወቂያ አዘጋጇ መጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀች። የሰው ምስጋና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አታወጣም፤ አንድ የታወቁ ሰው ያመሰገኑኝ ጊዜ እንኳን እምቢ ስላሉ ቀረ። እኔ ትንሽ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

በአንድ ነገር ተጣልተን ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ዋጋ አልጽፍም ነበር፤ ሁሉም ሻጭ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ስለሚል እንደዚያ የሚደረግ ይመስለኝ ነበር፤ ተፎካካሪም ያያል። እሷ ዋጋው ካልተጻፈ ሥራውን እንደማትቀጥል ተናገረች። «የሚጠይቅዎት ሰው ከመጠየቁ በፊት ስንቱ እንደሚያፍር ያውቃሉ?» አለችኝ። ጻፍነው። ዋጋ እየጠየቁ የሚጠፉት ሰዎች ቀሩ፤ ስልኬም አረፈ። ደብተሬም መስክሮልኛል።

የምታወጣበትን ቀን የምትመርጠው በጾምና በበዓል ነው። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት። የሽሮውን ነገር ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ጀመረች፤ ሰው ሃምሳ አምስት ቀን የሚበላውን የሚገዛው ቀድሞ ነውና። ለሙስሊም ደንበኞቼ የሳምቡሳውን ሚጥሚጣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳምቡሳው ገና ሳይጠቀለል ታወጣለች። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፤ ከሆሳዕና በኋላ አንድም ማስታወቂያ አላወጣችም። ለምን ብላት «አሁን የሚያስፈልግዎት ሞተረኛ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በርበሬው ዓርብ ስቅለት ላይ አለቀ።

ቁጥር ስለምወድ ልንገራችሁ። እሷ ከመምጣቷ በፊት በሳምንት አሥራ አራት አካባቢ ትእዛዝ ነበረኝ። በጾሙ መግቢያ ሳምንት ሠላሳ ሰባት ደረሰ፤ አሁን ጾም በሌለበት ሳምንት ሃያ አምስት አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ የእሷ ምን ያህል፣ የጾሙ ምን ያህል እንደሆነ መለየት አልችልም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ ሁሉንም ለእሷ አልጽፍላትም።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ስልክ ቶሎ አታነሣም። እሑድ አትሠራም። አርማ አትሥልም፣ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ውስጥ አትገባም፤ ያንን የሚችል ፈልጉ ትላለች። ስለ ዕቃችሁ የማትናገሩት ነገር ካለ ከእሷ ጋር አትስማሙም፤ ትጠይቃለቻ። አንድ ጊዜም የግማሽ ኪሎውን ዋጋ በኪሎው ላይ ጽፋ አወጣች። ስናየው ስድስት ሰው አዝዟል። ለስድስቱም በተጻፈው ዋጋ ሰጠን። ልዩነቱን ከክፍያዬ ይቀነስ ብላ ድርቅ አለች፤ ከመውጣቱ በፊት ያነበበችልኝ ለእኔ ነው፣ እኔም አልሰማሁትም ብዬ እኩል ተካፈልን።

ለሁለቱ ጠዋትና ለወሩ ሥራ 8,000 ብር እከፍላታለሁ። ዕቃውን በእጁ ለሚሠራ ሰው ነው የምትሠራው፦ ሸማኔ፣ ጫማ ሰፊ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ እንደ እኔ ያለ ባለ ጓሮ። አስመጥቶ ለሚሸጥ ሰው የምትሆን አይመስለኝም፤ የሚወራ ጓሮ የለውማ። አሁን ሁለት ተጨማሪ ሰው መያዝ እንደምትችል ነግራኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቁጥሯን እልክላችኋለሁ፤ ይህኛው እንኳ በውስጥ መስመር ቢሆን ትፈቅዳለች። ሳሎን አታዘጋጁ። በወሩ የመጀመሪያና ሦስተኛ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አትደውሉላት፤ እጇ ዘይት ነው።