ዊንተርስ ቦን፦ አባትየው የማይመጣበት ፊልም

ድሬዳዋ ውስጥ ፊልም በመጫን ነው የምተዳደረው። ድሮ ሲዲ አከራይ ነበርኩ፤ አሁን ሥራው ፍላሽና ስልክ ላይ ሆኗል። ሱቄ ከአሸዋ ገበያ ብዙ አትርቅም። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ደንበኛ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፦ "አቦ፣ ተኩስ ያለው አዲስ ነገር የለህም?" ትርጉም ከሆነማ ሳይከራከር ይከፍላል። ስለዚህ "ዊንተርስ ቦን"ን ለሰው ስጭን ትንሽ እሰጋለሁ። አዲስ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ነው። ትርጉም የለውም፣ የተተረጎመ ማለቴ ነው። የሚተኮሰውም ሽኮኮ ነው።

ታሪኩ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ግን ፎቅና መኪና የሚታይበት አሜሪካ አይደለም። ሚዙሪ የሚባል ግዛት አለ። በስተደቡቡ ኦዛርክ የሚባሉ ተራሮች አሉ። ቅጠሉ የረገፈ ጫካ፣ የዛገ መኪና፣ ከየቤቱ የሚጮህ ውሻ። ሪ ዶሊ 17 ዓመቷ ነው። እናቷ አእምሮዋ ታሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው። ታናሽ ወንድምና እህት አሏት፤ የምታበላቸው እሷ ናት። አባትየው ጄሰፕ ሜት የሚባለውን ዕፅ ሲሠራ ተይዞ በዋስ ወጥቷል። አንድ ቀን ሸሪፉ፣ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ ማለት ነው፣ ይመጣና ይነግራታል። አባትሽ ለዋስትናው ቤታችሁንና የጫካውን መሬት አስይዟል፣ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ቤቱ ይወሰዳል ይላታል። "አገኘዋለሁ" ትለዋለች። ከዚያ በእግሯ ትወጣለች። ፊልሙ ይኸው ነው፤ አንዲት ልጅ በየዘመዱ በር እየሄደች አባቷን ስትጠይቅ።

እኔ ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። ሦስተኛውን ከአክስቴ ጋር አየሁት፤ በደንብ የገባኝም ያኔ ነው።

አክስቴ እንግሊዝኛ አትችልም። እሁድ ማታ ሽርጧን አገልድማ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፤ እኔ ከሥር ከሥሩ መተርጎም ጀመርኩ። ለነገሩ የእነዚህ ተራራ ሰዎች እንግሊዝኛ ለእኔም ይከብዳል። ከሥር የሚጻፈውን እያነበብኩ ነው የማወራት። ሸሪፉ ስለ ቤቱ ሲናገር አስቆመችኝ።

"ካርታውን አስይዞ?"

"አዎ።"

"ልጆቹ የተኙበትን ቤት?"

"አዎ አልኩሽ እኮ።" (እኛ ጋ ለአክስትም "አንቺ" ነው፤ የድሬ ልጅ "አንቱ" ብሎ ሲጀምር የተጣላ ይመስላል።)

ከዚያ በኋላ ዝም ብላ አላየችም። በየመሃሉ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። "አባትየው መቼ ነው የሚመጣው?" አሥር ጊዜ ሳትጠይቀኝ አልቀረችም።

አይመጣም። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል። ስለ ሱስ የተሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ሱሰኛውን ያሳዩናል። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያለቅስ፣ መጸዳጃ ቤት ወለል ላይ ወድቆ። እዚህ ጄሰፕ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አይናገርም። የምናየው እሱ ጥሎት የሄደውን ዕዳ ነው። ማን እንጨት ይፈልጣል? ማን የእናቷን ፀጉር ያበጥራል? ድርቆሽ ስላለቀ ፈረሱን ለጎረቤት የሚሰጠው ማነው? ሁሉም እሷ ናት።

የአክስቴ ልጅ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ጫት ብቻ ቢሆን ድሬ ላይ ማን ይደነግጥ ነበር። ከበርጫው በኋላ ጨብሲው መጣ። ከጨብሲው በኋላ የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ይጠፋ ጀመር። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ፣ ቀጥሎ ከጅቡቲ ያመጣችው ትልቁ ምንጣፍ። አሁን ስልኩ አይሠራም። ጫትን ከሜት ጋር እኩል እያደረግኩ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሚቀረው ሰው ግን አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ ነው አክስቴ "መቼ ነው የሚመጣው" ስትል መልስ ለመስጠት የምቸገረው።

ዕፁ ራሱ ብዙም አይታይም። ሚዙሪ በጓዳ ሜት መሥራት በሰፊው ከታወቀባቸው ግዛቶች አንዷ ነች። የሚሠራው ለጉንፋን ከሚሸጥ እንክብል ነው። ሲሠሩት ቤቱ ሊፈነዳ ይችላል። እንክብሉ ከ2006 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በመታወቂያ እንዲሸጥ የሆነውም በዚህ ነው። ፊልሙ ይህን አያስተምርም። አንድ ጎረቤት ልጅቷን የተቃጠለ ቤት ወስዶ ያሳያታል፤ አባትሽ እዚህ ፈንድቶበት ሞቷል ሊላት ነው። እሷ ወለሉ ላይ የበቀለውን አረም ታያለች። አረሙ ረጅም ነው። ቤቱ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል ማለት ነው፣ ሰውየው እየዋሸ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ነው ይህን የሚያየው። ሌላ ቦታ ደግሞ አጎቷ ቲርድሮፕ ስለ ዕፁ "አንቺንስ ገና አልያዘሽም?" ዓይነት ነገር ይጠይቃታል። "እስካሁን አልያዘኝም" ትለዋለች። ጉንፋን የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ። ሪ በሄደችበት ሁሉ በር ይዘጋባታል። ሁሉም ዘመድ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እኔ በእነዚህ ሰዎች ተናድጄ ነበር። አክስቴ ግን "ልክ ናቸው" አለችኝ።

አክስቴ በወጣትነቷ በአሮጌው ባቡር ኮንትሮባንድ ትሠራ ነበር። ጨርቁን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ የቀረውን ከወንበር ሥር ሸጉጣ። ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፈታሹ፣ ገብቶ "ይህ የማን ነው?" ሲል ፉርጎው ሙሉ ጣሪያ ያያል። ጠላትሽም ቢሆን አያጋልጥሽም፤ ነገ የእሱ ተራ ነው። "ዝም አይነቅዝም" ትላለች እስከ ዛሬ። ስለዚህ የእነዚያ ተራራ ሴቶች ዝምታ ለእሷ ክፋት ሳይሆን የሥራ ደንብ ነው።

ሪ የዘመዶቹ ሁሉ አለቃ የሆነው ሽማግሌ፣ ተምፕ ሚልተን ቤት ደጃፍ ስትደርስ ሚስትየው ሜራብ ትወጣለች። ይህን የሚጠይቅላችሁ ወንድ የላችሁም ወይ ትላታለች። የለንም ትላለች ልጅቷ። አክስቴ ሳቀች። "ወንድ ቢኖርማ መች እዚህ ትመጣ ነበር!" በኋላ እነዚያው ሴቶች ልጅቷን ሲደበድቧት ግን አልሳቀችም። ሽርጧን አፏ ላይ አደረገች። "ይህስ ደንብ አይደለም" አለች።

ዳይሬክተሯ ዴብራ ግራኒክ ትባላለች። ፊልሙን እዚያው ሚዙሪ ነው የቀረጸችው፤ ከተዋናዮቹ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ያስታውቃል። ጄኒፈር ሎውረንስ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቃት ልጅ ነበረች። በዚህ ፊልም ለኦስካር ታጨች፤ ፊልሙ በጠቅላላው አራት እጩነት አግኝቷል። ከዚያ በፊት ሰንዳንስ ከሚባለው የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ለእኔ ግን ከእሷ እኩል አጎቷን የሚሠራው ጆን ሆክስ ነው። ቀጭን ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን ክፍል ውስጥ ሲገባ ሰው ወንበሩን ይጠጋል። መጀመሪያ ትፈሩታላችሁ። በኋላም ትፈሩታላችሁ፣ ግን ባይሄድ ትላላችሁ።

የምወደው ትዕይንት ሌላ ነው። ወታደር ብትሆን 40,000 ዶላር እንደምታገኝ ሰምታ ወደ መልማዩ ትሄዳለች። ገንዘቡን አሁኑኑ ይዛ ቤቱን ልታድን ነው ሐሳቧ። መልማዩ እውነተኛ የጦር ሠራዊት መልማይ ነው። አይጮህባትም፣ አይሰብካትም። እየጠየቀ፣ እያዳመጠ፣ ቀስ አድርጎ እንደማይሆን ያስረዳታል። እነዚያን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ ደግ እምቢታ በፊልም አይቼ አላውቅም። ሱቄ የሚመጡ ልጆች ግማሾቹ አንድ ቀን እሄዳለሁ የሚሉ ናቸው፤ ጅቡቲ ይሁን ዓረብ አገር። እንዲህ አስቀምጦ የሚያናግራቸው ሰው ቢያገኙ እላለሁ።

ምግቡንም ልንገራችሁ። ሪ ታናናሾቿን ሽኮኮ መግፈፍ ታስተምራለች። ልጁ አንጀቱን አይቶ "ይህንንም እንበላለን?" ይላል። "ለአሁኑ አንበላም" ትለዋለች። አክስቴን ስተረጉምላት ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ "ጎሽ" አለች። ሌላ ቀን ጎረቤት ሥጋ ሲሰቅል ልጁ ሄደን እንጠይቅ ይላል። ሰው ሊሰጥህ የሚገባውን አትለምን ትለዋለች። ለዚህም "ጎሽ" ተባለላት።

ጉድለት የለውም አልልም። ስሙ ያደናግራል፤ ሁሉም ሚልተን፣ ሁሉም ዶሊ፣ ሁሉም የአጎት ልጅ ነው። ወንድምየው ትንሽ ተጨማሪ ቦታ ቢሰጠው ጥሩ ነበር። መጨረሻ አካባቢ ሴቶቹ ሐሳባቸውን የሚቀይሩበት መንገድ ለእኔ ቸኮለብኝ። አክስቴ አልተስማማችም። "ጎረቤት ማማት ሲጀምር ሴት ናት ቀድማ የምትሰማው" አለች። እሺ ብያለሁ። ጀልባው ላይ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ልጆች አጠገብ ግን አትክፈቱት። አክስቴ ራሷ ውኃ ላምጣ ብላ ተነሣች፣ እስኪያልቅ አልተመለሰችም። በርጫ ላይም አትዩት። ፊልሙ ዝምታ ይፈልጋል፤ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከተዋናዮቹ በላይ ያወራል። 100 ደቂቃ ነው፤ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ መብራት ካለ።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ስታፈላ አክስቴ ድንገት ጠየቀችኝ።

"ስንት ዓመቷ ነው ያልከኝ?"

"17።"

"እኔ በ17 ጅቡቲ ሦስቴ ደርሻለሁ" አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።