የድሮ ሞተር ዘይት እያፈሰሰ ላስቸገራችሁ፦ ደሴ ላይ ያገኘሁትን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሞተረኞች እንዴት ናችሁ። ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ ረዘም ካለባችሁ ታገሱኝ።

አጎቴ የተወልኝን ትራያምፍ ሞተር ሳይክል ያያችሁ ታውቋታላችሁ፣ በፈረንጅ የ1966 ሞዴል፣ 650 ሲሲ፣ ባለሁለት ሲሊንደር። ቆማ ባደረች ቁጥር ጠዋት ስሯ ኩሬ ነው፣ የግቢውን ሲሚንቶ አጥቁራ ጨረሰችው። የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ማፍሰስ ካቆመ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው እያሉ ይቀልዱብኛል፣ በዛሬ የዘይት ዋጋ ግን ቀልዱ ለኔ አይጥመኝም። ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ (ስም አልጠራም) ከፍተው ሲሊኮን ለቅልቀው ገጠሙልኝ፣ ብዙም ሳትቆይ ያው ሆነች።

በኋላ አንድ ወዳጄ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ወዳሉ ጋሼ ወሰደኝ። ጋሼ ቁልፍ እንኳን አላነሱም መጀመሪያ። ኢንጅኑን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው አደረቁት፣ ከዛ ምን ቢያመጡ ጥሩ ነው፣ የህጻን ፓውደር! ዙሪያውን ነስንሰው አስነሷት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ፓውደር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ ከቫልቭ ክዳኑ ጀምሮ በፑሽሮዱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ቱቦ በኩል ቁልቁል ሲወርድ በአይናችን አየነው። "አየህ ልጄ፣ ዘይት ላይ ያፈስና ታች ይታያል፣ ስትነዳ ደሞ ንፋሱ ወደኋላ ይገፋዋል፣ አንተ ታች ታች ትፈልጋለህ" አሉኝ።

ሲከፈት ጉዱ ወጣ። የድሮው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተርፎ እንደ ትል ተንጠልጥሏል፣ አንዱ ቁራጭ ተበጥሶ ወደ ቫልቮቹ የሚሄደውን ቀጭን የዘይት መንገድ ሊዘጋው ምንም አልቀረው። ክዳኑን ደግሞ የፊተኛው ጋራዥ ሰዎች በካቻቢቴ ፈልቅቀው ነው ያነሱት፣ ፊቱ ተቦርቡሯል። ቡሎኖቹም በሚሊ ቁልፍ ተፈትተው ጠርዛቸው ተበልቷል፣ የዛን ዘመን የእንግሊዝ ሞተር የራሱ ቁልፍ ነው የሚፈልገው፣ ጋሼ ሙሉ ሴቱን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል ማሻአላህ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እሳቸው ጋ ማፍሰስ የሚቆመው በማጣበቂያ አይደለም፣ ፊትና ፊቱ ልክ ሲገጥም ነው። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፈው ዘይት ጠብ አድርገው ክዳኑን በቀስታ እያዞሩ አሹት። አንዴ አንስተው ሲያሳዩኝ ዳርና ዳሩ ያበራል መሀሉ ጥቁር ነው፣ ማለት ጎብጧል። ሙሉው እስኪያበራ አልለቀቁትም። የቡሎን ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ከመጥበቅ ብዛት እብጠት አለ፣ እሱንም ጠረጉት፣ ያቺ እብጠት ብቻዋን ጋስኬቱን (በሁለቱ ፊቶች መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች።

የቴስታታው (ከሲሊንደሩ በላይ ያለው የኢንጅኑ ራስ) ጋስኬት መዳብ ነው፣ እሳት ላይ እስኪቀላ አግለው ውሃ ውስጥ ጨመሩት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል፣ ሲጠብቅ ጥሩ አድርጎ ይተኛል። የፑሽሮዱ ቱቦ ጎማ ላይ ብዙ ሰዓት ነው የፈጀው፣ ጎማው ከወፈረ ቴስታታው ሳይቀመጥ ይቀራል፣ ከሳሳ ደግሞ ዘይቱ ያልፋል፣ ስለዚህ ሳያጠብቁ ገጥመው ክፍተቱን ለክተው ፈትተው እንደገና ለክተው፣ እኔ ደክሞኝ ቡና ጠጥቼ ስመለስ አሁንም እሷው ላይ ናቸው።

ብዙ መካኒክ የሚረሳው የኢንጅኑን አየር ማስወጫ፣ መተንፈሻውን ነው። የዚህ ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ነው የሚወጡት የሚወርዱት፣ ሲወርዱ ከስር ያለው አየር ይታመቃል፣ መውጫ ካጣ ዘይቱን በየመጋጠሚያው ይገፋዋል፣ ምንም ያህል ብታጠብቀው። የኔ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። የፒስተኑ ሪንግ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ያለቀበት ሰውም ግፊቱ ስለሚበዛ ጋስኬት ብቻ ቀይሮ አይድንም፣ ጋሼ ይሄን በግልጽ ይነግሩታል፣ ገንዘብ ዝም ብለው አይቀበሉም።

ሌላም አለ፣ ይቺ ሞተር ዘይቷ ኢንጅኑ ስር ሳይሆን ለብቻው ታንከር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙ ቀን ከቆመች ፓምፑ ውስጥ ዘይቱን በምትዘጋው ትንሽ ኳስ በኩል ሾልኮ ወደ ኢንጅኑ ስር ይሞላል፣ ስትነሳ ደሞ በመተንፈሻው ይተፋል። ኳሷን አጥበው መቀመጫዋን አስተካከሉልኝ።

ሲገጥሙ ቡሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ ደረጃ በደረጃ ነው ያጠበቁት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ደርሼ እንድመለስ አዘዙኝ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንዴ መልሰው አዩት። ያን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች ወጥታ ኢንጅኗ ደረቅ ነው ወገን፣ ከጊርቦክሱ ጥርስ ጀርባ ትንሽ እርጥበት ትታያለች፣ እሱ የዘንጉ መበላት ነው፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል ብለውኛል።

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎ። ስልካቸውን አልለጥፍም፣ "ሞተሩን ይዞ ይምጣ እንጂ በስልክ ሞተር አይታይም" ብለው ከልክለውኛል። ፒያሳ ደርሳችሁ የድሮ ሞተር የሚሰሩት ጋሼ ብትሉ ባጃጅ ነጂዎቹ ያሳዩዋችኋል። ጋስኬትና ኦይል ሲል (የዘንግ ዙሪያ የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ራሳችሁ ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚያስቸኩል ስራ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጋ ሞክሩ፣ እሳቸው አይቸኩሉም።