ወደ ቀድሞ ሥራዬ ከመመለሴ በፊት በደብረ ማርቆስ ያገኘሁት የሕግ ምክር
ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቅሁት የዱቄት ፋብሪካ ወደ ቀድሞው የሒሳብ ሥራዬ እንድመለስ ሲጠይቀኝ፣ ከመወሰኔ በፊት ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጥብቅና ቢሮ ምክር ጠየቅሁ። ጠበቃዋ የቀረበልኝን ውል በጥንቃቄ ካነበቡ በኋላ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የሚለው ላይ አስምረው፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 መሠረት በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ እንደገና የሚቀጠር ሠራተኛ ለሙከራ እንደማይቀጠር አስረዱኝ። እኔ ያሰብሁት ስለ ደመወዙ ብቻ ነበርና ይህ ማብራሪያ ብቻውን ከከፈልሁት ገንዘብ ይበልጣል። ቀድሞ የለቀቅሁበትን ምክንያት፣ ማለትም ያልተከፈለኝን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ እኔ ሳላነሳ መጠየቃቸውም አክብሮቴን ጨመረው። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ከቢቸናም ሆነ ከደጀን ለሚመጣ ሰው አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ግድ ይላል። የሙከራው ጊዜ ከውሉ እስኪሰረዝ ድረስ አልፈርምም።