የጎርፍን ታሪክ ለማስተላለፍ፦ ቪዲዮ ወይስ የግድግዳ ሥዕል?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ጎርፉን ያወረደው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የጣለው ዝናብ ነበር። የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ በመሆኑ፣ አደጋውን ያላየ ልጅ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ መገመት ይቸግረዋል።

አጭር ቪዲዮ ድምፅን ይዞ ይመጣል፤ ከጎርፉ የተረፉ እናት ሲናገሩ ድምፃቸው ሲቆራረጥ የሰማ ሰው ማስጠንቀቂያውን በቀላሉ አይረሳም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መቅዳትም ይቻላል። ይሁንና ስልክና ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ከታየም በኋላ በሌሎች ምስሎች ክምር ሥር ይቀበራል።

የግድግዳ ሥዕል ግን ሰው በየዕለቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይቆያል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ውኃው የደረሰበትን ከፍታ በሰማያዊ መስመር፣ ወደ ከፍታ ቦታ የሚያወጣውን መንገድ ደግሞ በቀስት ቢያመለክቱ፣ መስመሩ ከራሱ ቁመት በላይ መሆኑን ያየ ተማሪ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ቀለሙ በፀሐይ ስለሚደበዝዝ በየጊዜው ማደስ የግድ ነው፤ እኔ ግን ይህን ድካም እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ፤ ክረምት ሲቃረብ ብሩሽ ይዞ የሚሰባሰብ ሰፈር መውጫ መንገዱንም አብሮ ይከልሳልና። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ምርጫዬ ሥዕሉ ነው።