ይነቀል ወይስ ሩት ካናል ይሠራ? ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የመንጋጋ ጥርስ ሂሳብ

መንጋጋ ጥርስ ሌሊቱን ሲያስጮኸው ያደረ ሰው ጠዋት የሚያነሣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ «ላስነቅለው ወይስ ሩት ካናል ላሠራ? የቱ ይረክሳል?» ኢንሹራንስ ለሌለው፣ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሽፋን ጥርስ ላይ ሲደርስ ለሚያልቅበት ሰው ይህ የኪስ ጥያቄ ነው። ሩት ካናል ማለት የታመመውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ፣ በሥሩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቦዮች ጠርጎ መሙላት ነው።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ጥርሱ ከድድ በላይ በቂ ግድግዳ ከቀረው፣ ሩት ካናሉን በመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ወይም በሆስፒታሉ የግል ክንፍ አሠርቶ፣ የግል ክሊኒክ ገንዘብን ለክራውኑ (ጥርሱን እንደ ቆብ ለሚሸፍነው ልባስ) ብቻ ማዋል ያዋጣል። ለክራውኑ የሚሆን ብር በሁለት በሦስት ወር ውስጥ እንደማይገኝ ካወቃችሁ ደግሞ ሩት ካናሉን አትጀምሩት፤ ጥርሱን አስነቅሉት።

ይህን ስል «ማስነቀል ለድሃ ነው ወይ» የሚለኝ አለ። ነገሩ ሌላ ነው። ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ውስጡ ተቦርቡሮ ግድግዳው ብቻ የቀረ ጥርስ ነው። ክራውን ካልለበሰ አንድ ቀን ቆሎ ወይም የጥብስ አጥንት ሲነከስበት ከላይ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል። ሥሩ ድረስ የተሰነጠቀ ጥርስ አይጠገንም። ነቀላውም እንደ መጀመሪያው ቀላል አይሆንም፤ ጥርሱ ስለሚፈረካከስ ድድ ተከፍቶ፣ ሥሩ ተቆራርጦ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። የሩት ካናሉ ገንዘብ ይጠፋል፣ ነቀላው ይወደዳል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል። ክራውኑ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ መካከለኛ መንገድ አለ፦ ሐኪሙ የጥርሱን ጫፎች ዝቅ አድርጎ በቋሚ ሙሌት እንዲሸፍናቸው ጠይቁ። ጊዜያዊ ሙሌት ግን የሳምንታት እንጂ የወራት ዕድሜ የለውም። የፊት ጥርስ ጉዳይ ሌላ ነው፤ አንድ ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው፣ የንክሻ ጫናውም ትንሽ ነው፤ ብዙ ካልተቦረቦረ ጥሩ ሙሌት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋጋ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጥርስ ክሊኒክ ዕቃ፣ ከማደንዘዣው እስከ ሥሩ መሙያ፣ ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ አምና የከፈለውን ይዛችሁ አትከራከሩ፤ ሂሳቡ እንዴት እንደሚቆለል ማወቅ ይሻላል።

ዋናው ወጥመድ «ሩት ካናል ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው። አንዱ ክሊኒክ የሚነግራችሁ የአንድ ቦይ ዋጋ ነው፣ ሌላው የሙሉ ጥርሱን። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው፤ የላይኛው ሦስት ሥር ኖሮት አራት ቦይ ሊሆን ይችላል። ለስሌት እንዲመች የፈጠራ ቁጥር እንውሰድ፦ አንዱ «3,000» ሌላው «10,000» አሉ። የመጀመሪያው በቦይ ከሆነ ሦስት ቦይ 9,000 ነው። ሦስት ራጅ በ300 ብር 900። የፈረሰውን ግድግዳ ለማቆም ሥሩ ውስጥ የሚተከለው ዘንግ (ፖስት) እና ሙሌት 1,500። ድምሩ 11,400፤ አራተኛ ቦይ ከተገኘ 14,400። ሁለተኛው ሁሉን ያካተተ ከሆነ ውድ የመሰለው ረከሰ። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «ካርድ፣ ራጅ፣ ሁሉም ቦዮች፣ ፖስት ካስፈለገ፣ ቋሚ ሙሌትና ክራውን ጨምሮ በድምሩ ስንት? ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።» መጻፍ የማይፈልግ ክሊኒክ ዋጋው መሃል ላይ እንደሚጨምር አስቀድሞ ነግሯችኋል። ሕክምናው የሚሠራው በሁለት በሦስት ቀጠሮ ስለሆነ ክፍያውንም በቀጠሮ መከፋፈል የተለመደ ነው፤ ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ።

የመንግሥቱ መንገድ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው። ነገር ግን የትኛውም ጋ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት «የመንጋጋ ሩት ካናል አሁን ይሠራል?» ብላችሁ የጥርስ ክፍሉን ጠይቁ። ዕቃ ሲያልቅ ወይም ወንበሩ ሲበላሽ ነቀላ ብቻ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ይህን ካርድ ክፍል ላይ ማንም አይነግራችሁም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ሪፈር መመለስ አለና። ከወረዳ የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚገባው ሰውም ወረፋ ከመያዙ በፊት ያውጣው። ተለማማጅ ሐኪም ሊሠራላችሁ ይችላል። እሱ አያስፈራም፤ የሚቆጣጠረው ስላለ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ሩት ካናል ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። የሚያስፈራው በቀጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ጊዜያዊ ሙሌቱ ከወደቀ ምራቅ ከነጀርሙ የተጠረገው ቦይ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ በማግስቱ ሄዳችሁ አስደፍኑት እንጂ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የቀን ሠራተኛ ወይም ሹፌር ከሆናችሁ የሚጠፋውን የሥራ ቀን አስሉ። አራት ምልልስ የአራት ቀን ገቢ ነው። ልዩነቱን የሚያጠብበው የግል ክንፉ ነው፦ እዚያው ሆስፒታል፣ ከመደበኛ ሰዓት ውጭና በሳምንቱ መጨረሻ ይሠራል፤ ከመደበኛው ይወደዳል፣ ከግል ክሊኒክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

የትም ይሠራ፣ ሩት ካናሉ በደንብ መሠራቱን ወንበሩ ላይ ሆናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከመጀመሩ በፊት ራጅ ይነሣል። ጥርሱ ብቻውን እንዲወጣ አፍ ላይ የጎማ ሽፋን ይዘረጋል፤ ያለ ሽፋኑ ምራቅ ይገባል፣ ቀጭኗ መሣሪያም ልትዋጥ ትችላለች። ቦዩ የሚታጠበው በረኪና በሚሸት ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ከሌለ በምን እንደሚያጥቡት ጠይቁ። በመጨረሻ ሌላ ራጅ ተነሥቶ መሙያው ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መድረሱ፣ ከጫፉም አለማለፉ ይታያል። በጣም ካጠረ ያልተጠረገ ቦታ ቀርቷል፤ ጥርሱ ከወራት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። የመጨረሻውን ራጅ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ስንቱ ቤት ቦታ ቀይሯል፤ ታፔላው ያለበት ክሊኒክ ከዓመት በኋላ እዚያው ስለመገኘቱ ዋስትና የለም።

ክራውን ላይ ነው ገንዘብ በብዛት የሚባክነው። ለመንጋጋ ከሦስቱ አንዱ ይመረጣል፦ ሙሉ ብረት፣ ብረት ላይ ሸክላ የለበሰ፣ ወይም ዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሸክላ)። ለላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሙሉ ብረት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ሲስቁ አይታይም፣ ጥርሱ ብዙ ሳይሞረድ ይገባል፣ ሸክላ ስለሌለው የሚላጥ ነገር የለውም። የኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ጆሮዋን የሚያቆስላት፣ ቀድማ ትናገር።

ማጭበርበሩ ያለው ዚርኮኒያ ተብሎ ብረት ላይ ሸክላ የለበሰውን በመሸጥ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከመጣበቁ በፊት «ውስጡን አሳዩኝ» በሉ። ዚርኮኒያ ውስጡም ነጭ ወይም የጥርስ ቀለም ነው፤ ግራጫ ብረት ካያችሁ ሌላ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት። ከተጣበቀ በኋላ ክርክር የለም። ዋጋው ከሁሉም በጣም ከወረደ ደግሞ አክሬሊክ ይሆናል፤ እሱ ለጊዜያዊ ክራውን የሚሆን ፕላስቲክ ነው፣ ቡናና ሻይ ያጠቁረዋል፣ ማኘክም ይበላዋል። በየመንገዱ ጤነኛ ጥርስ ላይ የሚገጠመውን «ወርቅ» ተዉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብረቀርቅ ርካሽ ብረት ነው።

ልኩ የሚወሰድበትንም ተመልከቱ። በጎማ ሳህን ዱቄት በውኃ አቡክተው አፍ ውስጥ ካስገቡ አልጂኔት ነው፤ ለተነቃይ ጥርስ ጥሩ ነው፣ ለክራውን ግን ወዲያው ጂፕሰም ካልፈሰሰበት ይኮማተራል። ልኩ በሞተር ወደ ላብራቶሪ እስኪደርስ ሲደርቅ የሚመጣው ክራውን ጠርዙ ክፍት ይሆናል፣ ምግብ ይገባል፣ ሥሩ ከታች ይበሰብሳል። ለክራውን ሲሊኮን ይጠቀሙ እንደሆነ ጠይቁ፤ ዋጋው ቢጨምርም እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ከመጣበቁ በፊት በቀለም ወረቀት ነክሳችሁ ሞክሩት፣ በጥርሶቹ መካከልም ክር ይለፍ፤ ጠበቅ ብሎ ማለፍ አለበት። ክሩ ሳይነካ ከሾለከ ሥጋ እዚያ ይሰካል፤ ይመለስ።

ነቀላውስ? በዋጋ ከሁሉም ይረክሳል፣ ጤና ጣቢያም የሚሠራበት አለ። የተደበቀው ዋጋ ኋላ ይመጣል፦ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ከላይ ያለው ይወርዳል። ብሪጅ (ጎረቤት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ድልድይ ጥርስ) ሁለት ጤነኛ ጎረቤቶችን ማስሞረድ ነው፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ዋጋ ነው፣ ተነቃይ ጥርስ ርካሽ ቢሆንም ለአንድ መንጋጋ ምቾት የለውም። የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነ ግን ክፍተቱን እንዳለ መተው ይቻላል። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ የሚሰጣችሁን ጥጥ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነክሳችሁ ያዙ፤ ለ24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ አታጭሱ። በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ወደ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ የደም ጓሉ ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጧል፤ ተመለሱ፣ አጥበው መድኃኒት ያስገቡበታል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያላችሁ በጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ስትሄዱ ይጠቅማችኋል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን አይሸፍንም። በመሥሪያ ቤት የምትታከሙ በዓመት ለጥርስ ሕክምና የሚከፈለውን የገንዘብ ጣሪያ ጠይቁ፤ ሩት ካናሉን ሰኔ፣ ክራውኑን ሐምሌ በማድረግ የሁለት በጀት ዓመት ጣሪያ መጠቀም የሚቻልበት ቦታ አለ። ሕጋዊ ደረሰኝ ካልያዛችሁ ግን ምንም አይመለስም።

ቀጠሮ እስኪደርስ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የጥርስ ነርቭ ሕመምን አያድንም፤ ብር ማባከን ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከፓራሲታሞል ጋር የተሻለ ያስታግሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበትና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፌኑን ትተው ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። እብጠቱ ከአገጭ ሥር ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዋጋ ማወዳደሩ ቀርቶ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ እብጠቱ የመተንፈሻ ቱቦ ሊዘጋ ይችላል።