ኮንደንሰር ወይስ ዳይናሚክ ማይክሮፎን? ባሕር ዳር ቤቱ ውስጥ ለሚቀርጽ

ማሲንቆ ብቻ ቢሆን ያለማመንታት ኮንደንሰር ማይክሮፎን ግዙ እላለሁ። የደጋኑ ጭራ ክሩን ሲፈትገው የሚወጣውን ስስ ድምፅ፣ የቆዳውን ንዝረት ሳይቀር ይይዛል። ችግሩ የሚይዘው እሱን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡም፣ የሚያልፈው ባጃጅም አብሮ ይቀረጻል። በዚያ ላይ ኮንደንሰር እርጥበት አይወድም፤ ለሐይቅ ዳር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስትጨርሱ ወደ ሳጥኑ መልሱት።

እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለው ዳይናሚክ ወደ አፍ ተጠግቶ ስለሚቀረጽበት የሩቁን ድምፅ ያደበዝዘዋል። ጠንካራም ነው፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመድረኩ አለ። ኮንደንሰር የሚፈልገውን 48 ቮልት ኃይልም አይጠይቅም፤ ግን ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኦዲዮ ኢንተርፌስ በደንብ የሚያጎላ መሆን አለበት።

ለዘፋኝ ዳይናሚኩን እመርጣለሁ። ለማሲንቆና ለክራር ግን አሁንም ልቤ ኮንደንሰሩ ጋ ነው፤ ሌሊት፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ የክፍሉን ማስተጋባት እንዲውጥ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ ቅረጹ።

የመቅረጫ ሶፍትዌሩ ብዙ አያስጨንቅ፦ ለመጀመር ነጻው ኦዳሲቲ ይበቃል፤ ትራኩ (ለየብቻ የተቀረጸው ድምፅ) ሲበዛባችሁ ሪፐርን 60 ቀን በነጻ ሞክሩት።